በኩሽና እብነ በረድ ላይ የቀረ የሎሚ ምልክትና የቅቤ ወዝ እንዴት ይለቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ባለው ቤታችን የኩሽናውን መሥሪያ ነጭ እብነ በረድ አስገጥመን ነበር። ዶሮ ለማጠብ የተቆረጠ ሎሚ ያረፈበት ቦታ ላይ አሁን ክብ የደበዘዘ ምልክት ቀርቷል፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ጎልቶ ይታያል፣ በጣት ሲዳስሱትም ሻከር ይላል። ከምድጃው አጠገብ ደግሞ የነጠረ ቅቤ ፈስሶ ስላደረ ድንጋዩ ጠቁሯል። ሁለቱንም በላርጎ ደጋግመን ብናጥብም አልለቀቁም። አንድ የሚያውቅ ሰው «በአቼቶ እሹት» ብሎናል። ይህ ትክክል ነው? ለውጭ ደረጃና ለቤቱ የፊት ገጽስ የትኛውን ድንጋይ ትመክራላችሁ?

መልስ፦ እብነ በረድ የሚቆርጥና የሚገጥም ባለሙያ

እባክዎ አቼቶውን ፈጽሞ አያስጠጉት። እብነ በረድ ከጣሊያኗ ካራራም ይምጣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በመሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ አብዛኛው አካሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህ ደግሞ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የቲማቲም ጭማቂም ሆነ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ሎሚው ያረፈበት ቦታ ቆሽሾ ሳይሆን ተበልቶ ነው የደበዘዘው። የተበላን ድንጋይ ምንም ዓይነት ሳሙና አይመልሰውም፤ መፍትሔው እንደገና መወልወል ብቻ ነው። ምልክቱ ቀላል ከሆነ ለእብነ በረድ በተዘጋጀ መወልወያ ዱቄት፣ በጥቂት ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እያሹ ማስተካከል ይቻላል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከሆነ ግን ባለሙያ በአልማዝ መፍጫ ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው ደረጃ በደረጃ ሊያወርደው ይገባል።

ገና ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ነጋዴው ግራናይት ነው ቢላችሁ እንኳ በቁራጩ ጀርባ ላይ የሎሚ ጠብታ አሳርፉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ዘር ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞህስ) እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ስለሚደርስ፣ የብረት ቢላ የመጀመሪያውን ይጭረዋል፣ ሁለተኛውን ግን አይጭረውም። በየቀኑ ሎሚና ቲማቲም ለሚከተፍበት የኢትዮጵያ ኩሽና እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ግራናይት ነው፤ እብነ በረዱ ለሳሎን ወለልና ለመስኮት ደፍ ይሁን።

መልስ፦ በጽዳት ሥራ የቆየች አባል

የቅቤው ነገር ከሎሚው ይለያል፤ ድንጋዩ አልተበላም፣ ቅባቱን ግን ጠጥቶታል፣ ስለዚህ የጠጣውን ማስተፋት ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ በውኃና በጥቂት የላርጎ ጠብታ ለውሰው እንደ ወፍራም ሊጥ ያድርጉትና በጠቆረው ቦታ ላይ፣ ከዳሩም ትንሽ አልፎ፣ የጣት ውፍረት ያህል ይለጥፉት። በፕላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉት፤ ለ24 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ፕላስቲኩን አንሥተው ሊጡ በራሱ እስኪደርቅ ይተዉት። ቅባቱን ወደ ራሱ የሚስበው በዚህ የመድረቅ ጊዜ ስለሆነ አይቸኩሉ። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብለው ያንሡት እንጂ አይፈትጉት። አንድ ጊዜ ባይበቃው ይድገሙት። ለፈሰሰ ቡናና ሻይ ደግሞ ድንጋዩ ነጭ እስከሆነ ድረስ በውኃው ፈንታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል።

አደራ የምለው፣ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

መልስ፦ የግንባታ መሐንዲስ

ለውጭ ደረጃ የተወለወለ እብነ በረድ አይሁን፤ ክረምት ሲገባ ያንሸራትታል፣ አንጸባራቂነቱም በዝናብና በአሸዋ ይጠፋል። ሻከር ተደርጎ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደልብ ስለሚገኝ ለዚህ ተመራጭ ነው።

የፊት ገጹን በአምቦ ድንጋይ ካለበሱት ውበቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን አሸዋማ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል። ብዙ ሰው እንዲያብረቀርቅ ብሎ ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ እኔ ይህን አልደግፍም። ከግድግዳው በኩል የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቫርኒሹ ይላጣል፣ አንዳንዴም የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይረግፋል። እርጥበት የሚያስተነፍስ፣ ፊቱ ላይ ሽፋን የማይሠራ የድንጋይ ማሸጊያ ፈሳሽ ይጠቀሙ፤ ከሁሉ በፊት ግን የጣራው አሸንዳ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ መጣሉን ያረጋግጡ። በመገጣጠሚያው ላይ ነጭ የጨው ዱቄት ቢወጣ ከሲሚንቶው የመጣ ነውና በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሶዳው የቅቤው ጥቁረት በአብዛኛው ለቋል፤ ለሎሚው ምልክት ባለሙያ እጠራለሁ። ማሸጊያ ፈሳሹ ለኩሽናውም ይጠቅም ይሆን?

መልስ፦ እብነ በረድ የሚቆርጥና የሚገጥም ባለሙያ

ይጠቅማል፣ ነገር ግን የሚከላከለው ቅባትና ቀለም እንዳይሰርግ እንጂ ሎሚ እንዳይበላው አይደለም። መጀመሪያ ይወልወል፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ። እንደገና መቀባት የሚያስፈልግበትን ጊዜ ለማወቅ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከሥሩ ድንጋዩ ከጠቆረ ማሸጊያው አልቋል ማለት ነው። ሎሚውን ግን በመክተፊያ ላይ ይቁረጡት።