አስቸኳይ፦ በረኪናው የገደለው ቫይረሱን ነው ወይስ ሴሎቼን?

ፒፔት ያዥዋ፦ እባካችሁ ዛሬ ማታ መልስ እፈልጋለሁ። በረኪና የደስታ መሰል የበግና ፍየል በሽታን ቫይረስ (የክትባቱን ዝርያ) በ5 ደቂቃ ይገድል እንደሆነ እየፈተሽኩ ነው። ትናንት 10 ሰዓት ላይ ድብልቁን እያቀጠንኩ ቬሮ ሴል (ላብ ውስጥ የሚያድጉ የጦጣ ኩላሊት ሴሎች) ላይ ጨመርኩት። ዛሬ ጠዋት ሳየው 1:10 እና 1:100 ያሉት ረድፎች ሴሎቻቸው ክብ ክብ ሆነው ተነቅለዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ሰላም ነው። ቫይረሱ አልሞተም ማለት ነው አይደል? አማካሪዬ ነገ 3 ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል።

አቦል፦ ጥቁር ሱሪዬን በ2 ደቂቃ የገደለ በረኪና ቫይረስ ያቅተዋል?

መሠረቱን እንያዝ፦ በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 14476 መሠረት 8 እጅ ፀረ-ተዋሲያን፣ 1 እጅ ቫይረስ፣ 1 እጅ ደግሞ ቆሻሻን የሚወክል ፕሮቲን ይቀላቀላል። ለማለፍ 4 ሎግ መቀነስ አለበት፤ ከ10,000 አንድ ሲተርፍ ማለት ነው። ሁሉንም ቫይረስ ይገድላል ለማለት ፖሊዮ፣ አዴኖና የአይጥ ኖሮ ቫይረስ ላይ ማለፍ አለበት። ያንቺው ልባስ (የስብ ሽፋን) ያለው ነው፤ እሱን መግደል ጀብዱ አይደለም።

ፒፔት ያዥዋ፦ የጠየቅኩት እሱን አይደለም ወንድሜ።

ሰማያዊ ጓንት፦ ለምን በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚቆጥረው ምርመራ) አታዪውም?

የቬሮ እናት፦ ፒሲአር የሞተውንም ያልሞተውንም አብሮ ይቆጥራል፤ አይረባትም። እህቴ፣ የላይኛው ረድፍ ሚዲየም (ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ) ቀለሙ እንዴት ነው?

ፒፔት ያዥዋ፦ ቀይነቱ ጠፍቶ ውሃ መስሏል።

የቬሮ እናት፦ በቃ፣ ሴሎቹን የገደለው የበረኪናው ክሎሪን ነው። ቫይረስ ሚዲየም አያነጣም፤ ደስታ መሰልም በአንድ አዳር ሴል አይነቅልም፣ ቀናት ይፈልጋል። በረኪና ብቻ፣ ያለ ቫይረስ የጨመርሽበት ረድፍ አለ? ስቶክሽስ (ያልቀጠነው ቫይረስ) ስንት ነው?

ፒፔት ያዥዋ፦ የለም... ስቶኩ በሚሊ ሊትር ሎግ 6.5 (3 ሚሊዮን ገደማ)።

የቬሮ እናት፦ ስትቀላቅዪው ከ10 እጅ አንዱ ስለሆነ 5.5 ሆነ። መነበብ የሚጀምረው ከ1:1000 ከሆነና ዌሉ (የሳህኑ ጉድጓድ) ላይ 0.1 ሚሊ ከጨመርሽ፣ ከ3.5 በታች ያለው አይታይሽም። ቫይረሱ ድምጥማጡ ቢጠፋም የምታሳዪው 2 ሎግ ብቻ ነው። ስለዚህ ይሠራልም አይሠራምም ብለሽ እንዳትጽፊ።

ጋሽ ቲትሬሽን፦ ሶዲየም ታዮሰልፌት! 5 ደቂቃው እንዳለቀ ክሎሪኑን ያከሽፍልሻል። ኬሚስትሪ ክፍል አይጠፋም፤ የበረኪና ጥንካሬ የሚለካው በእሱ ነው። ለመሆኑ ያንቺን ለክተሽዋል? ጠርሙሱ 5% ይላል፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ግን የቀረው ሽታው ነው።

አቦል፦ ታዮሰልፌት ጨምሪ።

ጋሽ ቲትሬሽን፦ አሁን አልኩ እኮ ልጄ።

አቦል፦ ማጠናከሬ ነው ጋሼ።

የቬሮ እናት፦ ታዮሰልፌቱን የመጀመሪያው 1:10 ማቅጠኛ ውስጥ አድርጊው። ከዚያው ረድፍ ማንበብ ከቻልሽ ለጥቂት 4 ላይ ትደርሻለሽ። ደግሞ በከሸፈው በረኪና ላይ ቫይረስ ጨምረሽ ቫይረሱ መትረፉን አሳዪ፤ ያለዚያ ማን ያምንሻል?

ፒፔት ያዥዋ፦ ኬሚስትሪ ላብ ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ እሱም ራት ሊበላ ወጥቷል አሉኝ። በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ሰማያዊ ጓንት፦ እኔ አሁንም ፒሲአር ነው የምለው።