ክርክር፦ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ቆርቆሮ ያለ ደረሰኝ ይገዛ?

ጉዳዩን ያነሳው፦
ሰላም ለናንተ ይሁን የማኅበራችን ልጆች። ትናንት ከጽዋው በኋላ መሽቶብን ሳንጨርሰው የተነሳነውን ነገር እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ለገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ 400,000 ብር ሰብስበናል። ነጋዴው ለቆርቆሮውና ለሚስማሩ ሁለት ዋጋ ነገረን። ያለ ደረሰኝ 400,000። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ስለሚጨመር 460,000። አብዛኛው ሰው «ለእግዚአብሔር ቤት እስከሆነ ድረስ ያለ ደረሰኝ ይገዛ» አለ። እኔ ተቃወምኩ፣ ዛሬም እቃወማለሁ። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳንቀምስ እንዘልቃለን። ይህን ያህል የቻልን ሰዎች ባንኮኒ ፊት ስንደርስ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲሉን ለምን ይከብደናል?

የመርካቶው ወንድም፦
ወንድሜ፣ ነገሩን ከሱቁ በዚህ በኩል ቆመህ እየው። እኔ ጠዋት ሱቄን አማትቤ ነው የምከፍተው። ሚዛኔ አባይ አይደለም፣ የተበላሸ ዕቃም ለሰው አልሸጥም። ግን ከላይ ዕቃ የሚሰጠኝ ሰው ደረሰኝ አይቆርጥልኝም፣ ቢቆርጥልኝም ከከፈልኩት ግማሹን ጽፎ ነው። እኔ ያን ዕቃ በደረሰኝ ስሸጥ፣ ስገዛ ከፍዬ በደረሰኝ የማቀናንሰው ቫት ስለሌለኝ ሸክሙ በሙሉ እኔ ላይ ያርፋል። ጎረቤቴ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ስለሚሸጥ ደንበኛዬ ወደሱ ይሻገራል። በ2009 ዓ.ም. ግብር ሠራተኞች የሱቃችንን የቀን ገቢ ሊገምቱ የመጡ ጊዜ ትንንሹ ነጋዴ ምን ያህል እንደተጨነቀ ረሳችሁት? የቤት ኪራይ አለብኝ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለብኝ። ደረሰኝ ያልቆረጠ ሁሉ ክርስቲያን አይደለም ካላችሁ እኔን ከማኅበሩ አስወጡኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ እህታችን፦
ማንም አያስወጣህም ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንከፍለው የኖርነው ነው፣ ዛሬም ብዙ ሰው የነጋዴው ገንዘብ ይመስለዋል። ከፋዩ ገዢው ነው፣ ነጋዴው ሰብስቦ ገቢ የሚያደርግ ብቻ። ስለዚህ እዚህ ጉዳይ ላይ 60,000 ብሩን የምናስቀረው እኛ ነን፣ ማኅበሩ። ሻጩም በደረሰኝ ያልታየውን ሽያጭ ደብቆ የትርፍ ግብሩን ይቀንሳል። ሌላም አለ። እኛ ለእያንዳንዱ ሰጪ፣ 50 ብር ለሰጠችው እናት ሳይቀር፣ ካርኒ ቆርጠናል። ገቢው በካርኒ ሆኖ ወጪው በቃል ሊሆን ነው? ነገ ሰበካ ጉባኤው «ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?» ቢለን ምን እናሳየዋለን?

የማኅበሩ ሙሴ (መሪያችን)፦
ልጆቼ፣ እኔ ደረሰኝ ጠልቼ አይደለም። ያ አካባቢ እኮ መንገድ የለውም። ንጹሕ ውሃ የለውም። ካህናቱ ዝናብ እየወረደባቸው ነው የሚቀድሱት። ግብሩን ብንከፍል ለነዚያ ሰዎች ምን ይደርሳቸዋል? 60,000 ብር ለነሱ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ልጆቹ ነፃ ናቸው ብሏል።

ዲያቆኑ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚያው ምዕራፍ ላይ ነፃ ናቸው ካለ በኋላ ጴጥሮስን ወደ ባሕር ልኮ፣ ከዓሣው አፍ በተገኘው ገንዘብ ስለ ሁለቱም አስከፍሏል። ደግሞም ያ የቤተ መቅደስ ግብር ነው፣ የቄሳሩ ምዕራፍ 22 ላይ ነው ያለው። ለኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ሉቃስ 3 ይመስለኛል። ቀራጮች፣ ግብር ሰብሳቢዎቹ ማለት ነው፣ ሊጠመቁ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ዮሐንስን ጠየቁት። ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ውረዱ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ልብ በሉ፣ ይሄ ትእዛዝ ግብር ለሚገምተውና ለሚሰበስበው ነው። ያለ አግባብ ግምት የሚጭን፣ «ትንሽ ነገር አድርግልኝና አስተካክልልሃለሁ» የሚል የግብር ሠራተኛም እኮ እሑድ አጠገባችን ቆሞ ያስቀድሳል። ትምህርቱ ሲሰጥ ነጋዴው ላይ ብቻ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ጉዳዩን ያነሳው፦
ዲያቆን፣ ልክ ነህ፣ እኔም ነጋዴው ላይ አተኩሬ ነበር። የመርካቶው ወንድሜ፣ ከከፋህ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። አምና ፍሪጅ ያለ ደረሰኝ ገዛሁ፣ 15 በመቶዋን ለማትረፍ። በሁለት ወሩ ተበላሸ። ሻጩ ጋ ስሄድ «ከኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ብዙ ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ማስረጃ እንዳይኖር የተስማማነው ሁለታችን ነን። እሱ ሲክደኝ፣ አብረን የጀመርነውን ነው የቀጠለው።

አንተን ግን ገበያው ይዞሃል። ኪራይ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ አቅራቢ አለ። ባንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ደፍሬ አልናገርም። ማኅበሩን ግን ማን ያዘው? ተፎካካሪ የለብንም። የምንከስረው ነገር የለም። ማንም ሳያስገድደን፣ ቁጭ ብለን ተመካክረን፣ በጸሎት ከፍተን በጸሎት በዘጋነው ስብሰባ ላይ ነው ያለ ደረሰኝ ይገዛ ያልነው። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው። ካህናቱ ላይ ዝናብ መውረዱ ያሳዝነኛል ጋሼ፣ እውነቴን ነው። ግን በ400,000 ብር በደረሰኝ ከገዛን የ348,000 ብር ያህል ዕቃ ይገኛል። መቅደሱ ይሸፈን፣ የቀረው ከክረምት በኋላ ይቀጥል። ወይም 60,000ውን እንደገና እናዋጣ፣ እኔ 5,000 አለሁበት።

የመርካቶው ወንድም፦
አልከፋኝም። እንዲያውም ማንም ስለ አቅራቢው ጠይቆኝ አያውቅም። በሙሉ ዋጋ ደረሰኝ የሚቆርጥ አንድ አከፋፋይ አውቃለሁ፣ ዕቃውን በጅምላ ስለሚሰጥ ከ460,000ው ሊወርድ ይችላል። ነገ ፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማቅረቢያውን፣ አመጣለሁ። ስለ ራሴ ሱቅ ግን አሁን ቃል አልገባም፣ ከንስሐ አባቴ ጋር መነጋገር አለብኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ እህታችን፦
ሦስት ፕሮፎርማ ይሁን እባክህ፣ ከሦስት የተለያየ ቦታ።

የማኅበሩ ሙሴ፦
እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። 60,000 ብር የሚጠብቅ ሰው እያለ መስጠቱ ይከብደኛል። ግን ፕሮፎርማዎቹ ይምጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም እንገናኝና እጅ እናውጣ። ብዙው ሰው በደረሰኝ ካለ እኔም ከመዋጮው እገባለሁ።