የቅሬ ዳኛ ስንመርጥ ብሩን ከመሃል እንዴት እናውጣው?

የሸዋ በሯ ልብስ ሰፊ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የሰፈራችን ቅሬ (እድራችን) ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ ድስት የሚጥደው እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ የመሩን አዛውንት ስለደከሙ ሌላ ዳኛ ይመረጥ ተባለ። ሁለት ሰው ተጠቆመ። አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሌሊት ሰው ታመመ ከተባለ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ። የቅሬውን መዝገብም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ስብሰባው ላይ ተነስቶ «እኔን ከመረጣችሁ አዲስ ድንኳን በራሴ ብር እገዛለሁ» አለ። ተጨበጨበ። ወዲያው እጅ አውጡ ተባለ። ከሱቁ ዘይትና ዱቄት በዱቤ የሚወስደው ሁሉ እጁን አወጣ። እሱም ፊት ለፊት ቆሞ ያያል።

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። እኔን ያንገበገበኝ ስንወጣ ጎረቤቴ ያለችው ነው። «ሲስተር ደግሞ ምን አላቸው? ያቺው የጡረታ ብር!» አለችኝ። ሲስተር እኮ ልጇን ያዋለዱላት ናቸው!

ኑሮው እንደከበደ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የክርና የጨርቅ ዋጋ እኔንም አስጨንቆኛል። የቸገረው ሰው ስለ ብር ቢያስብ አልፈርድበትም። ግን ለቅሶ ቤት እንኳ ባለመኪና ሲገባ ሽማግሌ ተነስቶ ወንበር ይለቅለታል። ይሄ ያመኛል። ለቅሬ እንዲህ ከመረጥን ለፓርላማ ስንመርጥ ምኑን ልናይ ነው? ምርጫው ይደገም ብዬ ልናገር ወይስ ልተወው?

የሀረጎ ሹፌር

እታለም፣ ሌላውንም ጎን እዪው። በክረምት በሚያፈስ ድንኳን ለቅሶ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? እኔ አባቴን የቀበርኩት በእንደዚያ ያለ ክረምት ነው። እንግዳው ሁሉ በስብሶ ሄደ። ሰው ለድንኳን ብሎ እጁን ቢያወጣ ስግብግብ አትበዪው። ደግሞ የቅሬ ዳኝነት ደሞዝ የለውም። ስልኩ፣ ትራንስፖርቱ፣ የሚባክነው ቀን ሁሉ ከኪስ ነው። ድሃ እንዴት ይችለዋል?

አንድ ነገር ግን ጠይቁት። ለሰፈሩ አስቦ ከሆነ ዳኛ ሳይሆንም ድንኳኑን ይግዛ። መልሱን ስትሰሙ ሰውየውን ታውቁታላችሁ።

መምህር ከሆጤ

ተናገሪ። ስትናገሪ ግን ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ አመራረጡ ይሁን። ስለ እሱ ካወራሽ ነገሩ ጠብ ሆኖ ይቀራል።

ሀብትና ምርጫ በአገራችን የቆየ ታሪክ አላቸው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ለመመረጥ ግን በአካባቢው ንብረት ያለው ሰው መሆን ግድ ነበር። ንብረት የሌለው ገበሬ ባለንብረቱን ይመርጣል እንጂ እሱ አይመረጥም። ዛሬ ያ በሕግ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ ሁሉ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ድምፁም በምስጢር ይሰጣል። ምስጢር የተባለው እኮ አንቺ ላየሽው ነገር ነው። ባለዕዳ በአበዳሪው ፊት እጁን ሲያወጣ ምርጫ አልተካሄደም። ዕዳውን እየከፈለ ነው።

አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። ይህን ለቅሬው መተዳደሪያ ደንብ ተዋሱት። ሥራው ካልሆነ በዓመቱ የሚነሳበት መንገድ ይኑር።

አሁን ስለ አሠራሩ። ወረቀት ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ያስቸግራል። በአገር አቀፍ ምርጫ ምልክት የሚታተመው ለዚሁ ነው። የ1997ን ምርጫ የሚያስታውስ ሰው የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት አይረሳም። እናንተ ማተሚያ ቤት አያስፈልጋችሁም። ለአንዱ ባቄላ፣ ለአንዷ አተር አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለቱም አንድ አንድ ፍሬ ስጡት። ከመጋረጃ ጀርባ አንድ እንስራ ይቀመጥ። የመረጠውን ፍሬ እንስራው ውስጥ ይጣል፣ የቀረውን ኪሱ ይክተት። ከዚያ ሁሉም እያየ ይቆጠር።

ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካ

መምህር ያሉት እውነት ነው። እኛ የሠራተኛ ማኅበር ስንመርጥ መጀመሪያ በእጅ ነበር፤ ሁሉም የአለቃውን ፊት እያየ ነው እጁን የሚያወጣው። በወረቀት ሲሆን ማንም ያልጠበቃት የስፌት ክፍል ልጅ አለፈች። ጎበዝ ተከራካሪ ናት።

አንድ ልጨምር። ማንም ይመረጥ ገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ይሁን። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ሰው በተሰበሰበበት ይነበብ። ባለብር ስለሆነ የቅሬውን ብር አይነካም ማለት ዋስትና አይሆንም።

የሸዋ በሯ ልብስ ሰፊ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሹፌሩን ጥያቄ ዛሬ ሱቁ ሄጄ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ላስብበት» አለኝ። ሲስተር ደግሞ «እኔን ብለሽ ሰው እንዳታጣዪ» ብለው ተቆጡኝ። አዛውንቱን ግን አነጋግሬያቸው በባቄላና በአተሩ ተስማምተዋል። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ራሳቸው ሊያነሱት ነው።

መምህር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። በቅሬው የተመዘገበው አባወራው ብቻ ነው። ሚስት ለብቻዋ ድምፅ ትስጥ ወይስ ለቤቱ አንድ ድምፅ ይሁን? እዚህ ላይ ከአሁኑ ክርክር ተነስቷል።