ትንንሽ የአልበም መጻሕፍት፦ የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። ለጋሹ የሚቀበለው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። እንደ አምናው በሩ ከተዘጋ በኋላ እንዳንሮጥ። አምስት ትንንሽ መጻሕፍት፣ እያንዳንዱ ስለ አንድ አልበም ብቻ። ኪስ የሚገቡ፣ ከ120 ገጽ የማያልፉ። የድምፃዊ የሕይወት ታሪክ አይደለም። እንዴት ተቀዳ፣ ማን ምን ተጫወተ፣ ለምን ዛሬም ይደመጣል፤ ይኸው ነው። የታጩት፦ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» (1972)፣ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» (1975)፣ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» (1977)፣ የኃይሉ መርጊያ የአኮርዲዮን ካሴት (1985) እና የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» (2001)። የምትጽፉ ተመዝገቡ።

ሸክላ አፍቃሪ፦ «ቼ በለው» የእኔ ነው። ስንቴ ልናገር? ሌላ ሰው ከነካው እኔ የለሁበትም።

እርሳስ፦ አኮርዲዮኑን ለእኔ ተዉልኝ። የማመልከቻውን ፋይልም ላኩልኝ፣ የሁሉንም አስተያየት እኔ አስገባለሁ። ናሙና ምዕራፍ እስከ ሐሙስ።

ገንዘብ ያዥ፦ አምስት መጽሐፍ በየትኛው ብር? የመጽሔቱ ዕዳ ገና አልተዘጋም። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ የምታውቁ አይመስለኝም። ሁለት በሉና እንነጋገር። አንዱ ደግሞ የሚሸጥ ይሁን። የቴዲ አፍሮን «ጥቁር ሰው» ብታስገቡ ምን ይላችኋል?

አንባቢዋ፦ ስንት ከማለታችን በፊት ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ እንስማማ። ፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ በዚሁ መልክ የሚያወጡት ተከታታይ አለ። ስሙ የሸክላው ፍጥነት ነው፦ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር በደቂቃ። ያነበብኳቸውን በሁለት እከፍላቸዋለሁ። አሰልቺዎቹ ከመጀመሪያው ዘፈን ተነስተው እስከ መጨረሻው «ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው» እያሉ ይወርዳሉ። ጥሩዎቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ሙጭጭ ይላሉ። ካርል ዊልሰን የሚባል ሃያሲ ስለ ሴሊን ዲዮን አልበም ጽፏል። አልበሙን አይወደውም። «ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስለቀሰው እኔን ለምን አስጠላኝ?» ብሎ ነው የሚነሳው። ዘፋኟን ትቶ ራሱን ይመረምራል። ጆን ዳርኒል ደግሞ የሮክ ባንዱን የብላክ ሳባትን አልበም በልብ ወለድ ነው የጻፈው። የአእምሮ ሕክምና ተቋም የገባ ልጅ ካሴቶቼን መልሱልኝ እያለ የሚጽፈው ነው። ስለ ጊታር ድምፅ እንደዚያ ልጅ የገለጸልኝ ሃያሲ የለም።

የእኛ ረቂቅ ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ «ዘመን ተሻጋሪ»፣ «አይረሴ»፣ «አንጋፋ» ይላል። ይውጡልኝ። ዘመን የተሻገረ መሆኑን አንባቢው ያውቃል፤ መጽሐፉን ያነሳው ለዚያ ነው።

ሰብሳቢ፦ አስተያየቱ ይግባ።

ቃኚው፦ ዓመቶቹ ለምን በፈረንጅ ሆኑ? የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ 1972 ብሎ ያየ ሰው ደርግ መሐል የወጣ ይመስለዋል። ሙላቱ ያንን ሸክላ የሠራው በንጉሡ ጊዜ ነው።

ባለ ዲጂታል፦ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጨመር ነው። አለቀ።

ቃኚው፦ አላለቀም። የራሳችን መቁጠሪያ እያለን በሰው ቆጥረን ከዚያ ማብራሪያ እንለጥፍ?

ሸክላ አፍቃሪ፦ ኒው ዮርክ ለተቀዳ ሸክላ ኅዳርና ታኅሣሥ ልትቆጥርለት ነው?

ቃኚው፦ አንባቢው ኒው ዮርክ አይደለም ያለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ብሩ ጠይቄ ነበር።

ሸክላ አፍቃሪ፦ እሺ ቀይሩት፣ ስምንት መቀነስ ነው። «ቼ በለው» 1969። ደስ አለህ?

ቃኚው፦ ከመስከረም በኋላ ወጥቶ ከሆነ 1970 ነው። ወሩን ታውቀዋለህ?

ሸክላ አፍቃሪ፦ የእኔ ሸክላ ላይ ወር የለም።

ቃኚው፦ ታዲያ በምን ቀነስከው?

ባለ ዲጂታል፦ 1969/70 ይባላ።

ቃኚው፦ ሽፋን ላይ? እንደ ስልክ ቁጥር?

ሸክላ አፍቃሪ፦ አቦ ተወን! ያንን ኦርጋን ሰምተኸው ታውቃለህ? «ሙዚቃዊ ስልት» ሲጀምር ወሩን ነው የምትጠይቀው? ሰው ስለ ሙዚቃ ሊጽፍ ተነስቷል፣ አንተ ቀን መቁጠሪያ ይዘህ በር ላይ ቆመሃል።

ቃኚው፦ የመጽሔቱን ሽፋን ማን ያለ ቀን እንዳሳተመው ሁላችንም እናውቃለን። ቤተ መጻሕፍት ሲጠይቀን ምን ብለን እንደመለስንም እናውቃለን።

ሸክላ አፍቃሪ፦ እንዲህ ነው? በቃ። «ቼ በለው»ን ለፈለጋችሁት ስጡት። ለመጽሔቱ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሠራው ማን ነበር?

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ። ሁለታችሁም። የመጽሔቱ ነገር ተዘግቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ አልተዘጋም። ዕዳው አለ።

እርሳስ፦ ጭቅጭቁ ላይ ልግባ ብዬ አይደለም። ምዕራፉ ገና ነው፣ ግን ሐሳቡን ላስቀምጥ።

የኃይሉ ካሴት ላይ ባንድ የለም። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ብቻውን ነው የተጫወተው። የከበሮ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ የሚባለው ሲንተሳይዘር፣ አኮርዲዮን። የከበሮ ማሽኑ አይደክምም። አይቸኩልም። ከበሮ መቺ ቢሆን ዜማው ሲሞቅ አብሮ ይሞቅ ነበር፤ ይሄ ግን ንቅንቅ የለም። አኮርዲዮኑ ደግሞ በአየር የሚሠራ ነገር ነው፣ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይተነፍሳል። ስለዚህ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይተነፍሳል። መጽሐፉ ስለዚህ ብቻ ይሁን። ብቻውን የቀረ ሙዚቀኛ ማሽንን እንዴት ባንድ እንዳደረገው። ታክሲ መንዳቱ፣ ካሴቱ ባሕር ዳር ተገኝቶ በ2013 እንደገና መታተሙ፣ ያ ሁሉ መጨረሻ ላይ በሁለት ገጽ ያልቃል። ጋዜጦቹ ታክሲውን ብቻ ነው የሚያወሩት። እኔ ስለ ታክሲው መጻፍ አልፈልግም።

አንባቢዋ፦ ይሄ ነው! ማመልከቻው ላይ ይሄ እንደ ናሙና ይግባ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ቃኚው፦ ጥሩ ነው። ግን «በ2013» ያልከው የእኛን ነው የእነሱን? በእኛ ከሆነ ገና ትናንት ነው።

አንባቢዋ፦ አይ አንተ ሰውዬ።

ባለ ዲጂታል፦ እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም አንዴ በእኛ ነው ያነበብኩት።

እትዬ ማኅደር፦ ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቃኚው ያለውን አታጣጥሉ። አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅርን የሸክላ ብቸኛ መብት ደፍሮ ማሳተም የጀመረው በፈረንጅ 1969 ነው። «ቼ በለው»ን በእኛ ካላችሁ ደግሞ 1969 ትላላችሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ አንድ ዓመት ይመስላሉ። በመካከላቸው አብዮት አለ! አንዱ የንጉሡ ዘመን የምሽት ክበብ ነው፤ ሌላው ሰዓት እላፊ ታውጆ ሰው ሆቴል ገብቶ እስኪነጋ ሲጨፍር ያደረበት ጊዜ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም።

ቃኚው፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።

እትዬ ማኅደር፦ አልጨረስኩም። አንተም ብትሆን ነገር ታንዛዛለህ። «ኧረ መላ መላ»ን እንውሰድ። እዚህ በካይፋ ሙዚቃ ቤት የወጣው 1975። ብራሰልስ በክራምድ ሙዚቃ አሳታሚ የወጣው 1986። ፈረንጅ ያወቀው በሁለተኛው ነው፤ እኛ ያወቅነው በመጀመሪያው። የትኛውን ነው የምትቀይረው? ካሴት ላይ ከደረስን ደግሞ ይብሳል። እኔ ጋ ያሉት ካሴቶች ወረቀት ላይ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ ግጥምና ዜማ የሠራው አለ፣ መቅዳት ክልክል ነው የሚል አለ። ዓመት ግን እንጃ። ብዙዎቹ ላይ የለም። ሰው «ያ ካሴት የወጣው እህቴ የተዳረች ጊዜ ነው» ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

ባለ ዲጂታል፦ ይሄማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የማን ካሴት ላይ ምን እንዳለ እየሰበሰብን ሠንጠረዥ ብንሠራስ? እኔ ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ። በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩ ካልታወቀ ባዶ።

ቃኚው፦ እኔ አለሁበት።

ሸክላ አፍቃሪ፦ ሠንጠረዥ ከሆነ ባለ 45ቱም ይግቡ። ከመጀመሪያው ያልወደድኩት «አልበም» መባሉን ነው። ያ ዘመን የባለ 45 ዘመን ነው። አንድ ሸክላ፣ ሁለት ዘፈን፣ ፊትና ጀርባ። አምሃ መጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላም አልበም አይደለም። እናንተ «አልበም» ስትሉ ዓለማየሁ ውጭ ቀረ። ያለ ዓለማየሁ የዚያን ጊዜ ሙዚቃ ምን ሊባል ነው?

ሰብሳቢ፦ ተመለስክ ማለት ነው?

ሸክላ አፍቃሪ፦ ለሠንጠረዡ። የትናንቱን እንተወው።

አንባቢዋ፦ ቆይ ቆይ። የመጣነው መጽሐፍ ልንጽፍ ነው። ዝርዝር የሚያነብ ማን ነው? ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲቀዳ ድምፁ የት እንደሚሰበር፣ ሳክስፎኑ ምን እንደሚመልስለት የሚጽፍ ሰው ነው የምንፈልገው። ያንን ሠንጠረዥ አይነግርህም።

እትዬ ማኅደር፦ ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን ዓመቱን ካላወቅሽ ማን እንደተጫወተም አታውቂም። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ሆነ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ።

አንባቢዋ፦ መጽሐፉን የሚጽፈው ሰው ያጣራዋ! ለዚያ አይደል የሚጽፈው?

ገንዘብ ያዥ፦ የለጋሹን ቅጽ ደግሜ አነበብኩት። «የቅርስ ሰነድ ማሰባሰብ» የሚል ክፍል አለ። መጽሐፍ ማሳተም የሚል የለም። ሠንጠረዡ ቁልጭ ብሎ ይገባል፣ የማተሚያ ወጪም የለው። እኔ ከሠንጠረዡ ጋር ነኝ።

ሰብሳቢ፦ መጽሐፎቹስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ብር ከተረፈ አንድ። በአባሪ።

አንባቢዋ፦ መጽሐፍ አባሪ ሆነ?

ባለ ዲጂታል፦ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ብለን እንጻፈው፣ ለጋሾች ሁለተኛ ምዕራፍ ይወዳሉ።

ሸክላ አፍቃሪ፦ የቱ ነው አንዱ?

ገንዘብ ያዥ፦ ብያለሁ። «ጥቁር ሰው»። ሚያዝያ 2004 ነው የወጣው፣ ወሩም ታውቋል፣ ማንም አይጨቃጨቅበትም።

ሸክላ አፍቃሪ፦ «ቼ በለው» ካልሆነ አልስማማም።

አንባቢዋ፦ የተጻፈ ነገር ያለው አኮርዲዮኑ ብቻ ነው። ከእናንተ አንድ መስመር የጻፈ ካለ ያሳየኝ። እርሳስ፣ ምዕራፉ የት ደረሰ? ሐሙስ አለፈ።

ቃኚው፦ የሠንጠረዡ ማስፈንጠሪያ አልተከፈተልኝም።

ባለ ዲጂታል፦ ገና አልከፈትኩትም። ሳምንቱ ሥራ በዝቶብኛል። የሚችል ካለ ይክፈተው።

ቃኚው፦ «ዛሬውኑ» ያልከው አንተ ነህ።

እትዬ ማኅደር፦ እኔ ያለኝን በደብተር ጀምሬያለሁ። የካይፋዎቹን ጨርሻለሁ። ፎቶ አንስቶ የሚወስድ ልጅ ላኩልኝ።

አንባቢዋ፦ እርሳስ?

ሰብሳቢ፦ ጊዜ የለንም። ልጠቅልለው። ርዕሱ «የኢትዮጵያ ሸክላዎችና ካሴቶች የኅትመት ዘመን ዝርዝር» ይሁን። ባለ 45ቱ ይገባሉ። ሁለቱም አቆጣጠር ይኖራል፤ ቅደም ተከተሉን ቃኚውና ሸክላ አፍቃሪ በስልክ ተነጋግረው ይጨርሱት። አንድ ትንሽ መጽሐፍ በሁለተኛ ምዕራፍ፣ አልበሙ ወደፊት የሚወሰን።

ሸክላ አፍቃሪ፦ የእኛ አቆጣጠር ከፊት፣ የእነሱ በቅንፍ። ተነጋግረናል።

ቃኚው፦ አልተነጋገርንም። ደወልኩ፣ አላነሳህም። በእሱ ግን እስማማለሁ።

አንባቢዋ፦ እኔ ስሜን ከጸሐፊዎች ዝርዝር አውጡልኝ። ለዝርዝር ሥራ አልተፈጠርኩም። የአኮርዲዮኑ መጽሐፍ ከተጻፈ ግን አርትዖቱን በነጻ እሠራለሁ፤ ይመዝገብልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ነገ ጠዋት አስገባለሁ። የሰብሳቢ ፊርማ ይጎድላል። እኔ ጋ ያለው ቅጂ ደግሞ ገጽ ሦስት ላይ አሁንም አምስት መጽሐፍ ነው የሚለው፣ «ዘመን ተሻጋሪ»ም አልወጣ። ማን ያስተካክለው?

ሰብሳቢ፦ ዋናው ፋይል ማን ጋ ነው?

ባለ ዲጂታል፦ እርሳስ ጋ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።