የአየርላንድ የፓርላማ አባል በአገር ክርክርና በመራጩ አቤቱታ መካከል፦ ሁለቱን አንድ ሰው በአግባቡ ሊሠራቸው ይችላል?

ጠያቂ፦ መምህሩ ከአቶቴ

ጤና ይስጥልን። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የፓርላማ አባል ሥራ ሕግ ማውጣት፣ አስፈጻሚውን መቆጣጠርና መራጩን መወከል መሆኑን ካስጻፍኩ በኋላ፣ ተማሪዎቼ ሦስተኛው በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ መልሴ ሁልጊዜ ይቀጥንብኛል።

ነገሩን ይበልጥ እንዳስብበት ያደረገችኝ አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ውስጥ በነርስነት የምትሠራው እህቴ ናት። ያስገባችው የዜግነት ማመልከቻ ለረጅም ጊዜ ድምፁ ሲጠፋባት፣ የሥራ ባልደረባዋ ወደ ቲዲያቸው እንድትሄድ መከረቻት። ቲዲ የሚባለው ዶል ኤረን የተሰኘው የታችኛው ምክር ቤት አባል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ወረፋ ይዛ ገባች፤ ከፊቷ የነበሩት አዛውንት የመጡት በደጃቸው ስለጠፋው የመንገድ መብራት ሊያመለክቱ ነበር። ቲዲው የማመልከቻዋን ቁጥር መዝግቦ ያዘ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚኒስትሩ በጽሑፍ የሰጡት መልስ በፖስታ ደረሳት። እህቴ ገና ዜጋ ስላልሆነች ለዚህ ሰው ድምፅ ልትሰጠው እንኳ አትችልም።

ይኸው ሰው ማክሰኞ ደብሊን ገብቶ ስለ አገሪቱ በጀት፣ ስለ ቤት እጥረትና ስለ ጤና አገልግሎት ይከራከራል። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የመንገድ መብራትና የማመልከቻ ቁጥር ሲያሳድድ የሚውል ተወካይ ለአገር ጉዳይ የሚተርፍ ጊዜና ልብ አለው? ወይስ ሁለቱ ሥራዎች እኔ እንደምለያያቸው የተለያዩ አይደሉም?

መልስ ፩፦ የሐይቅ ዳር አንባቢ

መምህር፣ የሰውየው ደግነት እንዳለ ሆኖ የነገሩ ሥር የምርጫ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። አየርላንድ ውስጥ አንድ የምርጫ ክልል ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ወንበር ይኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ ምርጫ ወዲህ ምክር ቤቱ በ43 ክልሎች የተከፋፈሉ 174 ወንበሮች አሉት። መራጩ በዕጩዎቹ ስም ትይዩ 1፣ 2፣ 3 እያለ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ አምስት ወንበር ባለበት ክልል ከጠቅላላው ድምፅ አንድ ስድስተኛውን ትንሽ አለፍ ያለ ዕጩ ማለፉ የተረጋገጠ ነው። የማያልፍ ዕጩ ሲወድቅም ድምፁ በመራጩ ቅደም ተከተል መሠረት ለቀጣዩ ይተላለፋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ፓርቲ በአንድ ክልል ሁለትና ሦስት ዕጩ ሊያቀርብ ስለሚችል፣ ተወካዩ የሚፎካከረው ከተቃዋሚው ጋር ብቻ ሳይሆን አብሮት በአንድ ፖስተር ላይ ፎቶ ከተነሣው የገዛ ፓርቲው ሰው ጋርም ነው። ሁለቱ በፓርቲ መስመር የማይለያዩ ከሆነ መራጩ የሚያወዳድራቸው ቅዳሜ ቢሮውን ማን እንደሚከፍት አይቶ ነው። ይህን ሥርዓት ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1968 ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ አልተቀበለውም።

ቁጥሩንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1937 የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው አንድ ተወካይ በአማካይ ከ20,000 ያላነሰ፣ ከ30,000 ያልበለጠ ሕዝብ እንዲወክል ይደነግጋል። የእኛ 547 ወንበር ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ተወካይ ከ180,000 በላይ ሰው ይደርሰዋል። ይህን ያህል ሰው ቅዳሜ ጠዋት ወረፋ ቢይዝ አንድ ፀጉር ቤት ቀርቶ ሚሊኒየም አደባባይም አይበቃው።

እህትዎ የደረሳት ወረቀት ግን ተራ ደብዳቤ አይደለም። ተወካዩ ለሚኒስትሩ የጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሚኒስትሩ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ ስላለበት መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን ከመደርደሪያ ማውረድ ግድ ይለዋል። ጥያቄውም መልሱም በምክር ቤቱ ይፋዊ ቃለ ጉባኤ ይታተማል፤ የባለጉዳዩ ስም እንዳይወጣ ግን በስሙ ቦታ «ዝርዝሩ የቀረበ አንድ ሰው» የሚል ሐረግ ይገባል። በዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ በአሥር ሺዎች ይቀርባል። ስም የሌለው ሰው በአገሪቱ መዝገብ ውስጥ መግባቱ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ነው።

መልስ ፪፦ በታቦር ሥር

የሐይቅ ዳር አንባቢ ያብራሩት ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። አንድ ዜጋ ወይም ነዋሪ በሕግ የሚገባውን ነገር ለማግኘት የፓርላማ አባል ደጅ መጥናት ካስፈለገው፣ የተበላሸው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ተወካዩም ብልሽቱን ከማስተካከል ይልቅ በብልሽቱ ላይ ድምፅ የሚያለማ ሰው ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ የምስክር ወረቀት ፍለጋ አንድ ቢሮ ለሰባት ሳምንት ተመላልሼ፣ በመጨረሻ የማውቀው ሰው ስልክ ሲደውልልኝ በሃያ ደቂቃ ተሰጠኝ። ወረቀቴን ይዤ ስወጣ ያመሰገንኩት ደዋዩን ነው፤ እኔ ወጥቼ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የቀሩት ሴትዮ ግን ማን እንደደወለላቸው አላውቅም። ቲዲውን ከእኔ ደዋይ የሚለየው ምንድን ነው?

በአገር ክርክር በኩልም የሚከፈል ዋጋ አለ። የግል ተወካይ የነበሩት ቶኒ ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ከደብሊን መሃል ተመርጠው ሲገቡ፣ የፊያና ፎል ፓርቲ መሪ ቻርልስ ሆሂ መንግሥት ለመመሥረት ድምፅ አጥሯቸው ነበር። ግሪጎሪ ለተጎሳቆለው ሰፈራቸው ቤትና ሥራ የሚያመጣ ሰፊ ስምምነት አስፈርመው ድምፃቸውን ሰጡ። ለሰፈሩ ሰው ታላቅ ውለታ ነበር፤ ሰፈሩም ድኻ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የአንድ አገር መንግሥት መቆም በአንድ ሰፈር ቤት ቁጥር መወሰኑ ሌላው ድኻ ሰፈር፣ ተወካዩ በዚያች ቀን ሚዛኑን ያልያዘበት ሰፈር፣ ምን ይበል ያሰኛል። መንግሥቱም ያን ዓመት እንኳ ሳይሻገር ወደቀ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ መደንገጉ ከዚህ ፈተና ሊያድናቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ ፫፦ ብሎኬት አምራቹ

እኔ የፖለቲካ ሰው አይደለሁም፤ ሐዋሳ ውስጥ ብሎኬት አመርታለሁ። በሙያዬ ምክንያት የተከታተልኩት አንድ የአየርላንድ ጉዳይ ስላለ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ ዶኒጎል በሚባለው አካባቢ፣ ሰዎች በቤታቸው ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ ማየት ጀመሩ። ልስኑን ሲያነሡት ብሎኬቱ በእጅ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ብሎኬቱ የተሠራበት ጠጠር ጎጂ ማዕድን የተቀላቀለበት መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ሚካ፣ ኋላም ፓይሮታይት የተባለው ማዕድን ተጠያቂ ሆኗል። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሲሰማ ሆዱ ይርዳል፤ ሲሚንቶውን በልኩ ብታደርግ፣ ውኃ ብታጠጣ፣ ጠጠሩ ራሱ የታመመ ከሆነ ግድግዳው ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበላል። ባለቤቶቹ በባንክ ብድር የሠሩት ቤት እየፈረሰ ብድሩን መክፈል ይቀጥላሉ።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሄዱት የት ነው? መምህሩ እንዳሉት ወደ ቅዳሜው ቢሮ። ለተወካዩ የመጀመሪያው ቤት የአንድ ሰው መጥፎ ዕድል፣ ወይም የአንድ ግንበኛ ጥፋት ይመስላል። ሃምሳኛው ሰው ያንኑ ስንጥቅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሲያሳየው ግን ጉዳዩ የቤት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የድንጋይ ካባ ቁጥጥር፣ የመንግሥት ኃላፊነትና የበጀት ጉዳይ ይሆናል። የዚያ አካባቢ ተወካዮች ይህንኑ ምክር ቤት ውስጥ ደጋግመው አነሡት፤ ባለቤቶቹም እ.ኤ.አ. በ2021 ደብሊን ድረስ ሄደው ሰልፍ ወጡ። በ2020 የተጀመረው የእርዳታ ሥርዓት የወጪውን አንድ አሥረኛ ባለቤቱ እንዲሸፍን ይጠይቅ ነበር፤ በ2022 የወጣው ሕግ ግን ይህን አንሥቶ ለአንድ ቤት እስከ 420,000 ዩሮ ድረስ ፈቀደ። ክርክሩ በዚያም አላበቃም፤ መሠረቱ ሳይነሣ በላዩ ላይ እንደገና መሥራት ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ባለቤቶቹን ማስቆጣቱን ቀጥሏል፤ በሙያዬ ከተጠየቅሁ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ስለዚህ ለታቦር ሥሩ ወንድሜ የምለው፣ ያ ተወካይ ቅዳሜ ቢሮውን ዘግቶ ስለ «ቤቶች ፖሊሲ» ብቻ ሲያጠና ቢውል ኖሮ ስንጥቁን የሚያውቀው ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ ነበር።

መልስ ፬፦ በታቦር ሥር

የብሎኬቱ ምሳሌ ከባድ ነው፤ በዚህ ተረትቻለሁ። ልዩነታችን ግን አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ሃምሳውን ስንጥቅ ደምሮ ሕግ የሚያስወጣና እያንዳንዱን ስንጥቅ ለየብቻ በስልክ የሚያስለስን ተወካይ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ቢሮ ይከፍታሉ፣ ሁለቱም ይመሰገናሉ። መምህር፣ የእህትዎ ቲዲ የትኛው ነበር? መልሱ ደረሳት አሉን እንጂ መልሱ ምን እንደሚል አልነገሩንም።

መልስ ፭፦ መምህሩ ከአቶቴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ስላሳፈረኝ ትናንት ማታ ለእህቴ ደወልኩላትና ወረቀቱን አነበበችልኝ። ማመልከቻዋ በመታየት ላይ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ ይዘት እንደሚመዘን፣ ውሳኔ ሲሰጥ እንደሚነገራት ይላል፤ ቀን አልተጠቀሰበትም። ወረፋዋን በአንድ ሰው እንኳ አላስቀደመላትም፤ እስካሁንም እየጠበቀች ነው። በዚህ ረገድ ሰውየው እንደ እርስዎ ደዋይ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ከወረቀቱ ጋር አንድ ገጽ የራሱን ደብዳቤ አያይዞ ነበር። እንደ እርሷ ያለ ጉዳይ ይዘው በዚያ ወር ብቻ ቢሮው የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች መሆናቸውን፣ ስማቸውን ሳይጠቅስ የሁሉንም የቆይታ ጊዜ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሮ ሚኒስትሩን በቃል እንደሚጠይቅ ጽፎላታል። እህቴ ደብዳቤውን መጀመሪያ ስታየው ተናዳ ነበር፤ የእርሷን ጉዳይ እንጂ የሌሎቹን አሥር ሰዎች ልትሰማ አልሄደችም።

ያችን ገጽ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ጠይቄያታለሁ። ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያም በየሰፈራቸው ውኃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ እያንዳንዱ ጽፎ እንዲያመጣ አደርጋለሁ።