አንዱ ግራጫ ሁለት መስሎ አልታይ አለ

የ7ኛ ክፍል የሥዕል መምህር ስሆን፣ ተማሪዎቼ አንዱ ቀለም የጎረቤቱን ቀለም መልክ እንዴት እንደሚለውጥ በእጃቸው ሠርተው እንዲያዩ ከአንድ ግራጫ ወረቀት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮችን በጥቁርና በነጭ መደብ ላይ አስለጠፍኋቸው። በጥቁሩ ላይ ያለው ፈክቶ፣ በነጩ ላይ ያለው ጠቁሮ ታየ፤ አንዲት ተማሪማ ቁራጮቹን ልጣ ጎን ለጎን እስክታስተያያቸው ድረስ አላመነችም።

ችግሬ የመጣው መደቡን በቀይና በአረንጓዴ ስለውጠው ነው፤ ግራጫው በቀዩ ላይ ወደ አረንጓዴ፣ በአረንጓዴው ላይ ወደ ቀይ ያደላል ብዬ ብጠብቅም፣ ከእኔ በስተቀር ለውጡን ያየ አልተገኘም። ወረቀቱ አንጸባራቂ ነው፤ ቁራጩም መዳፍ ያህላል፤ ጥፋቱ ከየትኛው ይሆን? ወይስ የግራጫው ድምቀት ከመደቡ ጋር መቀራረብ ነበረበት? ሙከራው የተሳካላችሁ መምህራን የቁራጩን መጠንና የግራጫውን አመራረጥ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።