በሚዛን ፊት የቆመ አገልጋይ እግዚአብሔርን የሚያከብረው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ከፒያሳ

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር ክፍል አገለግላለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ወርቅ ቤት በሽያጭ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ጠዋት የቅዱስ ጊዮርጊስን ቅጽር ተሳልሜ ወደ ሱቅ እገባለሁ፤ ማታ ከሱቅ ወጥቼ ወደ መዝሙር ጥናት እሄዳለሁ። ጥያቄዬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ሰዓት ነው።

በምሠራበት ቤት ሰው ያረጀ ቀለበት ሊሸጥ ሲመጣ ፈርጡ ተነቅሎ ወርቁ ብቻ ይመዘናል። እኛ ባለፈርጥ ቀለበት ስንሸጥ ግን ከነፈርጡ ሚዛን ላይ ይወጣና ጠቅላላው ክብደት በወርቅ ዋጋ ይታሰባል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ቀለበት ሊገዙ መጡ። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈተው፣ እየደጋገሙ ቆጥረው ሰጡኝ። ሚዛኑ 6.4 ግራም ያሳይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 1 ግራም የሚጠጋው ድንጋይ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እርሳቸው አያውቁም። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። በዚያው ምሽት ልዘምር ስቆም ድምፄ አልወጣ አለኝ። አገልግሎቱን ልተው ወይስ ሥራውን?

መልስ፦ ከአንድ ዲያቆን

እኅቴ፣ የጠየቅሽው ጥያቄ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ ይገኛል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በአንድ ከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን ይከለክላል። ሲገዙ ያለ ፈርጥ፣ ሲሸጡ ከነፈርጥ መመዘን ከዚህ በምን ይለያል? ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 5 እግዚአብሔር የዝማሬያቸውን ድምፅ ከፊቱ እንዲያርቁ እንዳዘዘ ይናገራል፤ በምዕራፍ 8 ደግሞ እነዚያው ሰዎች እህል ለመሸጥና በሐሰተኛ ሚዛን ለማታለል ሰንበት እስኪያልፍ እንዴት ይቸኩሉ እንደነበር ይገልጣል። መዝሙርንና ሚዛንን አንድ ላይ ያነሣው አንዱ ነቢይ መሆኑን ልብ በይ። ስለዚህ ድምፅሽ አልወጣ ማለቱን እንደ ጸጋ ቁጠሪው እንጂ አገልግሎቱን ለመተው ምክንያት አታድርጊው። አገልግሎትን መተው የእኒያን እናት ገንዘብ አይመልስላቸውም። አስቀድመሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ የቀረውን እርሳቸው ይመሩሻል።

መልስ፦ ከአራት ኪሎ

ዲያቆኑ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የተቀጣሪ ሸክም ከባለቤቱ ሸክም ጋር እኩል ሊታይ አይገባም። ዋጋውን የምትወስነው እርሷ አይደለችም፤ በደመወዟ የሚተዳደር ቤተሰብም ሊኖራት ይችላል። «ሥራሽን ልቀቂ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው።

መልስ፦ ከአንድ ወርቅ ሠሪ

የአራት ኪሎው ወንድሜ ሐሳብ እውነትነት አለው፤ ሆኖም መልቀቅና መስማማት ብቻ አይደሉም ያሉት። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በአንጥረኛነት ነው። ወርቅ ሲሞረድ ብናኙ እንዳይባክን ቆዳ ጭናችን ላይ ዘርግተን እንሠራለን፤ ማታም በብሩሽ ጠርገን እንሰበስበዋለን። ያ ብናኝ የማን ነው? ደንበኛው የራሱን ወርቅ አምጥቶ አሠርቶ እንደሆነ የእርሱ ነው፤ እርሱ ግን ብናኝ መኖሩንም አያውቅም። በወጣትነቴ ለራሴ አስቀርቼ አውቃለሁ፤ ሳስቀድስ ያደርሁበት ሌሊት ያንን አልሸፈነልኝም። የእኛ ሥራ ገዢው በዓይኑ ሊያረጋግጥ በማይችለው ነገር የተሞላ ነው። ባለ 21 ካራት ወርቅ ከመቶ 87.5 እጁ ንጹሕ ወርቅ ሲሆን ባለ 18 ካራቱ 75 እጅ ነው፤ መስታወት ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ግን ብዙ ሰው አይለያቸውም። እግዚአብሔርን መፍራት የሚታወቀው እንዲህ ባለው፣ ከእኛ በቀር ማንም በማያየው ቦታ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ፈርጡን በወርቅ ዋጋ መሸጥ ኃጢአት የሚሆነው ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ነው። በደረሰኙ ላይ የወርቁን ግራም ለብቻ፣ የፈርጡን ዋጋ ለብቻ ብትጽፊ ባለቤቱ ድንጋዩን በፈለገው ዋጋ ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢውም ዐውቆ ይገዛል ወይም ትቶ ይሄዳል። ይህንኑ ለባለቤቱ በአክብሮት፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሪያቸው። በሰው ፊት ከሆነ ማንም ሰው ራሱን ለመከላከል ይነሣል።

ጠያቂዋ በድጋሚ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንስሐ አባቴ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ «ሴትዮዋን ታገኛቸዋለሽ ወይ?» ብለው ነበር። በደረሰኙ ቅሪት ላይ ስልካቸው ስለነበረ ደወልሁላቸው፤ ልዩነቱን ከደመወዜ እንደምከፍላቸው ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ አሉኝ። ባለቤቱ እኔ በምሸጠው ላይ ወርቁንና ፈርጡን ለይቼ እንድጽፍ ፈቅደዋል፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ግን በነበረው ቀጥለዋል፣ ከእኔ ጋር የነበራቸው ጨዋታም ቀዝቅዟል። ትናንት አንድ ገዢ ተለይቶ የተጻፈውን አይቶ «ድንጋዩ ይህን ያህል ነው እንዴ?» ብሎ ሳይገዛ ወጣ፤ ባለቤቱም አይተውታል። እስካሁን ምንም አላሉኝም። እስከ ቅዳሜ በጸሎታችሁ አስቡኝ።